አርዲስ ስለ ኮረብታው የመሰከረች ዕለት

አርዲስ ኤንስታድ የከተማችን ጸሐፊ ነበረች። ከተማ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በአንደኛው ጫፍ ውሻ ሲጮህ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የማን ውሻ እንደሆነ ይነግራችኋል። ቶርዳል ይባላል። ከንቲባ አለን፣ የምክር ቤት አባላት አሉን፣ በረዶ የሚጠርግና ቧንቧ የሚጠግን ኦርቪል የሚባል ሰው አለን። የቀረው ሥራ ሁሉ የአርዲስ ነበር። የውኃ ሒሳብ የምትቀበል እሷ፣ የመቃብር ቦታ የምትሰጥ እሷ፣ የጎረቤቴ ዛፍ አጥሬን ሰበረው ብሎ በንዴት የመጣን ሰው ቁጭ አድርጋ የምታበርድም እሷ። ከንቲባ ይመጣል፣ ከንቲባ ይሄዳል። አርዲስ ግን ሁልጊዜ እዚያው ናት። ባለፈው የቅጠል መርገፊያ አረፈች። ከሞተች ወዲህ ደጋግማ ትመጣብኛለችና የማስታውሰውን ልጻፍላት አልኩ።

እኔ ኦርፋ እባላለሁ። ያገባሁት ወንድሟን ነው። እሱ ከሞተ በኋላ የምክር ቤቱን ክፍል እየጠረግኩ ከእሷ ጋር ብዙ ዓመት አብረን ዋልን። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ሕጉን አሳምሬ አልተነትነውም። ያየሁትንና የሰማሁትን ግን አልረሳም።

ወደ ሥራው የገባችው እንዲሁ ነው። የፊተኛው ጸሐፊ ልባቸውን አሟቸው ሲተኙ፣ "አንቺ ልጅ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ እሳቸው እስኪሻላቸው ለጊዜው ያዢልን" አሏት። እሳቸው አልተሻላቸውም። "ለጊዜው" የምትለውን ቃል ደግሞ ያነሳላት ሰው አልነበረም። ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ "እኔ እኮ ለጊዜው ነኝ" ትል ነበር። በወጣትነቷ ለሳቅ ነበር የምትለው፤ ኋላ ኋላ ሲደክማት የምትለው ሆነ።

ስብሰባችን እሳት አደጋ መኪናው ከሚቆምበት ቤት ውስጥ ነበር። ሌላ ሰፊ ቤት የለንም። ማታ ኦርቪል መኪናውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ እኔ የፈሰሰውን ዘይት በመጋዝ ብናኝ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ወንበር እንደረድራለን። ከንቲባችን ሎዌል ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰዎች ሲጨቃጨቁበት፣ "እኔ የሁላችሁንም ጭንቅላት አውቀዋለሁ፤ ከውጭ የጎደለው ከውስጥ ሞልቶ ይሆናል ብዬ ነበር፣ እሱም የለም" ይላቸዋል። ይስቃሉ፣ እንደገና ይጨቃጨቃሉ። አርዲስ ጥግ ላይ ሆና ትጽፋለች። የውሻ ነገር፣ የመንገድ መብራት ነገር፣ የዶሮ ነገር። ዶሮ በግቢ ማርባት ይፈቀድ አይፈቀድ ብለን አንድ ክረምት ሙሉ ተጣልተናል። ዛሬ ሳስበው ደግ ዘመን ነበር።

ከከተማው በስተምዕራብ ረጅም ኮረብታ አለ። አለ እላለሁ እንጂ ነበረ። ልጆች በበረዶ መንሸራተቻ የሚወርዱበት፣ ጥድ የበቀለበት ነበር። የምንጠጣው ውኃ የሚወጣው ከሥሩ ነው። ኮረብታው ሲቆፈር ውስጡ ንጹህ ጠጠር ነው አሉ። አንድ ኩባንያ መጥቶ ጠጠሩን ላውጣ አለ። ምክር ቤቱ ሰማው፣ ኦርቪልን ጠየቀው። ኦርቪል ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ "ውኃው የሚጣራው በዚያ ውስጥ እያለፈ ነው" ብሎ ተቀመጠ። አይሆንም ተባለ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ አሁንም አይሆንም ተባለ። የኩባንያው ሰው ጌለን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ የወዲያኛው መንደር ሰው ናት። ሲመጣ ለሁላችን የሚሆን ጣፋጭ ዳቦ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አይሆንም ስንለውም የተረፈውን ትቶልን ይሄድ ነበር።

ሦስተኛ ግን ወደ እኛ አልመጣም። ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ሄደ።

አንድ ቀን አርዲስ የመጣላትን ወረቀት እያነበበች መጥረጊያዬን እንዳቆም በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

"ኦርፋ፣ ነይማ። ረቂቅ ሕግ ነው። የጠጠር ፈቃድ የሚሰጠው ከእንግዲህ የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ይሆናል ይላል። ከተሞች አያገባቸውም።"

"ማንም ከተማ?"

"ማንም። መንገድ ለመሥራት ጠጠር ያስፈልጋል፣ ትንንሽ ከተማ ሁሉ እንቢ ካለ መንገዱ ከየት ይመጣል ነው የሚሉት።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "ውሸትም አይደለም እኮ" አለች። እንዲህ ናት፤ የሚጎዳትን ነገር እንኳ የሌላው ሰው እውነት አለበት ብላ ታያለች።

ሕጉን የሚያየው ኮሚቴ የሚቃወም ካለ መጥቶ ይናገር ብሏል። ማን ይሂድ ተባለ። ሎዌል፣ "እኔ ከሄድኩ እሳደባለሁ፤ እንኳን ኮረብታውን ሱቄንም ይወስዱብናል" አለ። የምክር ቤት አባላቱ የወለሉን ሲሚንቶ አዩ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዞረው አርዲስን አዩዋት። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈራው ነገር ነው። በትምህርት ቤት ግጥም በቃል እንድትል ሲጠሯት ታማ ቤት የምትቀር ልጅ ነበረች።

"እንግዲህ ሌላ ሰው ከሌለ" አለች።

በሷ መኪና ሄድን። መንገዱ በረዶ ነው። እኔ የእንቁላል ሳንድዊችና ቡና በፔርሙስ ይዣለሁ። እሷ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ የምትናገረውን ለመስተዋቱ ትናገራለች። "የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ውኃችን..." ትልና ታቆማለች።

"እንደዚያ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ" አልኳት።

"ዝቅ አላደረግኩም።"

"አንቺዬ፣ እኔ አጠገብሽ ሆኜ አልሰማሽም፤ መስተዋቱማ ምኑን ሰማ።"

ሳቀች። በዚያ ጉዞ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የኮሚቴው አዳራሽ ሞቃት ነው፣ ወለሉ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የዋና ከተማዋ ሴት ናት፤ በዕድሜ ልጃችን ትሆናለች። ምሳዋን ከወረቀት ላይ እየቆነጠረች ታዳምጣለች። እሷም ደክሟታል፤ ዓይኗ ሥር ያስታውቃል። ተናጋሪው ፊት ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ስትሆን ተናገር፣ ቢጫ ስትሆን ጠቅልል፣ ቀይ ስትሆን ዝም በል ነው። ከእኛ በፊት የተናገሩት ሁሉ ቀዩ በርቶም ያወሩ ነበር።

አርዲስ ስትነሳ አንገቷ ደም መስሎ ነበር። ግን ተናገረች። ስለ ውኃው ተናገረች፣ ስለ ኮረብታው ተናገረች። "እኛ ጠጠር አይውጣ አንልም" አለች፤ "የት ይውጣ የሚለውን እዚያ የሚኖር ሰው ይወቀው ነው የምንለው። ተሳስተን ብንወስን የተበላሸውን ውኃ የምንጠጣው እኛው ነን።" ቢጫው እንደበራ አቆመች። የቀረውን ጊዜ ለሌላው ሰው ትታ መሆኑ ነው።

ሰብሳቢዋ ምግቧን ወደ ጎን አደረገችው።

"ወይዘሮ ኤንስታድ፣ ያሉት ገብቶኛል። እውነትም አለው። ውኃቸው ከእንዲህ ዓይነት ኮረብታ ሥር ለሚወጣ ትንንሽ ከተሞች አንድ አንቀጽ ልንጨምር እንችላለን። እናንተ እንደ ድሮው ራሳችሁ ትወስናላችሁ ማለት ነው። እንዲህ ቢደረግ ትፈልጋላችሁ?"

እኔ ከኋላ ወንበሬ ላይ ተንቀሳቀስኩ። እግዜር ያውቃል፣ የመጣንበት ነገር ተሰጠን።

አርዲስም ፊቷ በራ። "ኧረ አይ" አለች፣ "ለእኛ ብላችሁ ይህን ያህል አትቸገሩ።"

ትክክለኛ መልስ ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለች ሰብሳቢዋ።

"እኛ እንደምንም እንሆናለን።"

ሰብሳቢዋ ፈገግ አለች። "እንዲህ ቅን የሆነ ሰው ቢበዛልን ሥራችን ይቀል ነበር። በጣም አመሰግናለሁ።" ብዕሯን አስቀመጠች። ቀጥሎ ያለው ሰው ይምጣ ተባለ።

አርዲስ ግን ቆማለች። ሦስተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች ነው።

በእኛ አገር ሰው ቤት ገብታችሁ ቡና ይቀዳ ሲባል "ኧረ አትቸገሩ" ነው የሚባለው። ሁለተኛ ሲጠይቋችሁ "አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት" ትላላችሁ። ሦስተኛ ሲሏችሁ "እንግዲህ ከተፈላ፣ ትንሽ ብቻ" ብላችሁ ሲኒውን ትቀበላላችሁ። በመጀመሪያው እሺ ያለን ሰው አንቀየመውም፤ ግን ያሳደጉትን እናማለን። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር አዲስ ቄስ መጥቶ ሚስቱ የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች ጠራችን። ኬክ ይዛ ወጣች፣ ትበላላችሁ አለችን፣ አይ አልናት። እሺ ብላ ኬኩን ወደ ጓዳ መለሰችው። ያን ሁሉ ሰዓት የጓዳውን በር ስናይ ቆይተን በረሃብ ወደየቤታችን ሄድን። አርዲስም ሳታገባ የቀረችው አንድ የወተት ፋብሪካ ሠራተኛ አንዴ ብቻ ጠይቋት፣ አትቸገር ብላው ነው እያለ ሎዌል ይቀልድባት ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አልጠየቅኳትም።

ቀጥሎ የተጠራው ጌለን ነበር። ወደ ማይክሮፎኑ ሲሄድ በአርዲስ አጠገብ ማለፍ ነበረበት። እሱ በእኛ አገር ሴት እጅ ያደገ ሰው ነው። እሷ ምን እንዳለች፣ ለምንም እንደቆመች አዳራሹ ውስጥ ከእኔ ሌላ የገባው እሱ ብቻ ነው። ቀና ብሎ አያት። አንገቱን ደፍቶ አለፈና ስለ መንገድ ግንባታ ተናገረ። ደህና አድርጎ ተናገረ።

ኮሪደሩ ላይ አርዲስ ግድግዳውን ተደግፋ፣ "ሦስተኛ ትጠይቀኛለች ብዬ እኮ ነው" አለች።

"እኔም።"

"ሁለቴ ጠይቃ የሚተው ሰው አለ?"

"ተመለሺና ንገሪያት። አሁኑኑ።"

"በሰው ንግግር መሃል ገብቼ?"

"አርዲስ!"

ሄደች። በሩን ገፋ አድርጋ አየች፣ ጌለን እየተናገረ ነው። እስኪጨርስ ቆመች። ሲጨርስ ሌላ ሰው ጀመረ። ሰብሳቢዋ ስትወጣ ይዛ ልታናግራት አንዱ በር ላይ ጠበቀቻት፤ ሰብሳቢዋ በሌላ በር ወጥታ ኖሯል። አንዲት የቢሮ ልጅ በትሕትና፣ "በጽሑፍ ላኩልን" አለችን። ቤት እንደደረሰች ጽፋ ላከች። የመጣው መልስ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ኮሚቴው ድምፅ ሰጥቶበታል የሚል ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሳንድዊቹን በላን። ከተማችን ልንገባ ስንል ኮረብታው ከሩቅ ታየ፤ ጥዱ በረዶ ተሸክሟል። እሷ መንገዱን ብቻ ነው ያየችው።

በሚቀጥለው ስብሰባ እሳት አደጋ ቤቱ ሰው ጢም አለ። እኔ ነገሩ እንዲያው በሕጉ ክፋት ተመካኝቶ ይለፍ፣ ማን ያውቅብሻል ብያት ነበር። "ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ልጻፈው?" አለችኝ። ተነሳችና ያለ ወረቀት ተናገረች።

"አንቀጽ ሊጨምሩልን ነበር። ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አትቸገሩ አልኳቸው።"

ሎዌል፣ "ስንቴ ጠየቁሽ?" አላት።

"ሁለቴ።"

"ሁለቴ ብቻ?"

"ሁለቴ ብቻ።"

ቤቱ ጉም ጉም አለ። ቁጣው ወደ ሰብሳቢዋ ሄደ። ማን አሳደጋት፣ እናት የላትም ወይ፣ ከተሜ መቼ ሰው አክብሮ ያውቃል ተባለ። ቬልዳ የምትባል የዶሮዋ ጦስ አንድ ክረምት ያጣላን ሴት ተነሥታ፣ "እኔ ብሆን በመጀመሪያው እሺ እል ነበር!" አለች።

"አንቺማ ሳይጠይቁሽም እሺ ትያለሽ" አላት ሎዌል።

ተሳቀ። ቬልዳም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ኦርቪል ከበሩ ጋ፣ "ውኃው ይህን ሁሉ ጨዋነት አያውቅም" አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አርዲስ፣ ካባረራችሁኝ አይከፋኝም ብላ የሥራ መልቀቂያዋን ለሎዌል ሰጠችው። አጥፎ ኪሱ ከተተውና፣ "ማን ይይዘዋል? እኔ ነኝ የምይዘው? እኔ የራሴን ሱቅ ቁልፍ አላውቅም" አላት። በማግስቱ ቢሮዋ ገባች። የወቀሳት ሰው አልነበረም፤ የጎዳትም ይኸው አለመወቀሷ ነው። አንድ ሰው እንኳ ፊቷን አይቶ ቢቆጣት ይሻላት ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን ከድንችና ከተፈጨ ሥጋ የተጋገረ ምግብ እያመጣን ደጇ ላይ እናስቀምጥላት ነበር፣ ሰው እንደሞተባት።

ሕጉ ወጣ። ኩባንያው ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ አገኘ። ጥዱ መጀመሪያ ሄደ፣ ቀጥሎ የኮረብታው አናት። የጭነት መኪናዎች ጎህ ሳይቀድ ይጀምራሉ። ውኃችን አልተመረዘም፤ እንደዚያ ብዬ ሰው ላስደነግጥ አልፈልግም። ግን ደፈረሰ፤ ነጭ ልብስ ማጠብ ተውን፤ ኦርቪልም ሌላ ጉድጓድ ያስፈልጋል አለ።

ከዚያ ደግሞ ያላሰብነው መጣ። የምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ ልወዳደር ብሎ የተመዘገበ ሰው ጠፋ። ድሮ ለአንዲት ወንበር ወንድማማቾች ይጣሉ ነበር። አርዲስ በየቤቱ ዞረች። እኔም አብሬያት ዞርኩ፤ ጉልበቷ እየከዳት ስለነበር ደረጃ ላይ ክንዷን እይዝላታለሁ። ቬልዳ ቤት ስንደርስ፣

"ገብቼ ምን ልወስን?" አለቻት። "ትልቁን እነሱ ይወስኑታል። ለእኛ የቀረን የውሻ ነገር ነው።"

"የውሻም ነገር ቢሆን የእኛ ነው" አለች አርዲስ።

"እንግዲያው ውሾቹን መርጠሽ አስገቢያቸው።"

ይህን ስትል ቬልዳ እንደ ሁልጊዜዋ እየሳቀች ነበር። አርዲስ ግን የደረጃውን እጀታ ይዛ ቆመች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ድካም ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም። ሕጉ ኮረብታውን ወሰደ። የሰውን ልብ ደግሞ ማን እንደወሰደው አላውቅም። ወደ መኪናው ስንመለስ፣ "ስሜን ጻፊ" አልኳት። "ምን?" አለች። "ስሜን ጻፊው፣ እኔ እገባለሁ።" ማንበቤ የሚዘገይ ሰው ነኝ፤ ያውቁታል። ተፎካካሪ አልነበረኝምና ተመረጥኩ።

የመጀመሪያ ስብሰባዬን አስታውሳለሁ። ወንበሩን ራሴ ጠርጌ ራሴ ተቀመጥኩበት። ከአባላቱ ሌላ ሰው አልመጣም። ስለ መኪናዎቹ ሰዓት ለክፍለ ግዛቱ የላክነው ደብዳቤ ተነበበ፤ መልሱ ጉዳዩን ተመልክተነዋል ይላል፤ ሌላ የለውም። ከዚያ የአዲሱ ጉድጓድ ቦታ ተራ ደረሰ። ከመወሰናችን በፊት ነዋሪው እንዲናገር ጊዜ ይሰጣል፤ ደንባችን ነው። አርዲስ ተነሥታ፣ "የሚናገር ካለ" አለች። የደረደርኳቸው ወንበሮች ባዶ ናቸው። አንድ የጠጠር መኪና በውጭ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ሎዌል፣ "አርዲስ፣ ማንም የለም እኮ" አላት በቀስታ።

"ጊዜው አላለቀም።"

ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች፣ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ለእያንዳንዱ ባዶ ወንበር ዕድል የምትሰጥ ይመስል ቆመች። እኔም ሌሎቹም አብረናት ጠበቅን። ጊዜው ሲያልቅ ተቀመጠች፣ ማንም እንዳልተናገረ ጻፈች፣ መነጽሯን ጠረገች።

"እሺ" አለች። "ጉድጓዱ የት ይሁን?"

ኦርቪል ካርታውን ዘረጋው። ካርታ ማንበብ አልችልም፤ ቦታውን ግን አውቀዋለሁና እጄን አነሳሁ።